ዓይን ለማን ደረሰ?

ዝርዝሩ ዛሬም አለኝ። ከላብራቶሪ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ነው የጻፍኩት። አንደኛ፣ ቀዶ ሕክምና። ሁለተኛ፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና። ሦስተኛ፣ ማህፀንና ጽንስ። አራተኛ፣ የውስጥ ደዌ። አምስተኛ፣ ሕፃናት። የስድስተኛውን ቁጥር ጽፌ ፊቱን ባዶ ትቼዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዬ "ስድስተኛስ?" ስትለኝ "ስድስተኛ ድረስ ከወረድኩማ ቤቴ ገብቼ ጠላ እጠምቃለሁ" ብያት ካፍቴሪያው እስኪያየን ድረስ ሳቅን።

ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ገና አምስተኛ ዓመት። ሬዚደንሲ የሚባለው፣ ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚገባበት ትምህርት፣ ከምረቃ በኋላ የሚመጣ ነው። ፈተና ትፈተናለህ፣ የምትፈልገውን ክፍል በተርታ ትሞላለህ፣ ነጥብህ ያደረሰህ ቦታ ትገባለህ። እኛ ግን መቼ ምረቃ እስኪደርስ ጠበቅን! ሌላ ወሬ አልነበረንም። ማን ምን መረጠ፣ የቱ ክፍል ስንት ሰው ይወስዳል፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ያሰቃያል። የእኔማ የታወቀ ነበር። ቢላ የያዘ ሐኪም ነው ሐኪም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ፤ ሌላው ወረቀት ጸሐፊ ነው። እንዲህ ያለች ጉረኛ ነበርኩ እንግዲህ።

በነሐሴ የሁለት ሳምንት ዕረፍት አገኘንና ወደ ላሊበላ፣ ወደ ቤቴ ወጣሁ። አባቴ ቄስ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቀደሱበት ቤተ ክርስቲያን ከቤታችን በታች፣ በአለቱ ውስጥ ነው። ፍልሰታ ስለነበረ ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ነበር ከቅዳሴ የሚመለሱት። በደረስኩ ማግስት ቤቱን ሳጸዳ በርጩማውን ከግድግዳው ሥር አንስቼ መሐል ቤት አስቀመጥኩት። አባቴ ሲገቡ ተደናቀፉበትና በጉልበታቸው ወደቁ።

ሮጬ አነሣኋቸው። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ምንም አልሆንኩም" አሉኝ። እናቴ ግን ከጓዳ ወጥታ ጮኸችብኝ፤ እናቴ የማትጮህ ሴት ናት።

"ዕቃ ከቦታው አታንሺ አላልኩሽም?"

"ኧረ እማዬ፣ በርጩማ እኮ ነው!"

"ይሁና! በርጩማም ቦታ አለው።"

እርጅና ነው አልኩ በልቤ። እናቴ አርጅታ ነጭናጫ ሆነች ብዬ አዘንኩላት። ቤቱን ልብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሁሉ በየቦታው ተተክሎ ነበር፤ የውሃው ጀሪካን፣ የአባቴ መቋሚያ፣ ጫማቸው፣ የጸሎት መጽሐፋቸው። እኔ አላየሁትም። አምስት ዓመት ሙሉ ማየት ስማር ከርሜ።

የዚያን ዕለት ከበላን በኋላ አባቴ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። ነገር ማዋዛት ይወዳሉ።

"እናንተ ሐኪሞች" አሉ፣ "ሰውን እንደ ቅርጫ በሬ ተከፋፈላችሁት አሉ። ለአንዱ ልብ፣ ለአንዱ ኩላሊት፣ ለአንዱ አጥንት። አንቺ የትኛው መደብ ደረሰሽ?"

"አባባ! በፍልሰታ ስለ ቅርጫ ያወራሉ?"

"እኔ ስለ ሰው ነው ያወራሁት። ሰው አይበላም።"

ዝርዝሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ቀዶ ሕክምና አንደኛ መሆኑን ሲሰሙ "እሰይ፣ ባለ ቢላዋ!" አሉ። ሌላውንም እስከ አምስተኛው በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን እንዳዞሩ፣ "ዓይንስ? ዓይን ለማን ደረሰ?" አሉ።

"ዓይንማ የሰነፍ ነው አባባ" አልኳቸው። "ሌላው ሁሉ ተመርጦ ሲያልቅ የተረፈውን የሚወስድ ሰው አይጠፋም።"

ውሸት ነበር። ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ ዓይን የሚመርጡት። ግን ያን ሰሞን በእኛ ዘንድ እንደዚያ እየተባለ ይቀለድ ነበርና እኔም ቀለድኩ።

"የተረፈውን" አሉ አባቴ። "ይሁን። አንቺ ያሰብሽውን ይስጥሽ፤ ይበጅሽ ልጄ።"

በማግስቱ እናቴ እንጨት ስትከምር አጠገቧ ጠራችኝና "ዓይናቸውን እይልኝ" አለችኝ።

"ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑ። ሐኪም አይደለሽ? እይልኝ ነው ያልኩሽ።"

"አሟቸዋል? ይቀላል? ያለቅሳል?"

 እንጨቷን ትከምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግማ አለችኝ፤ በሦስተኛው ቀንም አለችኝ፤ ያውም እጄን ይዛ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልወጣትም። ደርቃ ቀረች ብዬ ተናደድኩ እንጂ፣ እናቴ አፏ ታስሮ መሆኑን በምን ልወቀው!

አየኋቸው እንግዲህ። ከሆስፒታል ያመጣሁት ነገር የለኝም፤ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ የለኝም። የተማረ ሰው መላ አያጣም አልኩና የጸሎት መጽሐፋቸውን አመጣሁ። እኛ ቤት "ብራናው" ነው የሚባለው። አባቴ ራሳቸው በተማሪነታቸው ጊዜ፣ ቀለም እየበጠበጡ፣ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ እኔ እንኳን በር ላይ ካልሆንኩ አላነበውም። አባቴን በር ላይ አስቀመጥኳቸውና በመዳፌ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈንኩ።

"ያንብቡ።"

አነበቡ። እኔ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አመሳክራለሁ። አንዲት ፊደል አልሳቱም። ገጹ ሲያልቅ አውራ ጣታቸው ገጹን ገለጠ። ግራውን ሸፈንኩ፤ በቀኙም እንደዚያው። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። እናቴ ከምሰሶው ጋር ተጠግታ ቆማ ስታየን ትዝ ይለኛል።

"ኧረ አባባ፣ ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል!" አልኩ።

አባቴ ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ወጣች። እኔ ደግሞ፣ ይኸው ያለ መምህር ብቻዬን በመጀመሪያ የመረመርኩት ሰው አባቴ ሆኑ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

በታኅሣሥ ዓይን ክፍል ተመደብን። ሦስት ሳምንት ነው፤ ብዙዎቻችን የምናርፍበት። እኔ የቀዶ ሕክምና መጽሐፌን ከነጭ ጋዋኔ ሥር ይዤ ነበር የምገባው። የምርጫ ቅጼ ላይ የማልሞላው ትምህርት ምን ያደርግልኛል?

አንድ ቀን ከወገል ጤና ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተራ ደረሳቸው። የዓይን ሰሌዳው ባለ ሦስት እግር ምልክት ያለበት ነው፤ ታካሚው እግሯ ወደየት እንደዞረ ይናገራል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ። መሪጌታው ከርቀት ቆመው ያለ ምንም ችግር እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ተናገሩ። እኔ "በጣም ጥሩ" ብዬ ልጽፍ ስል መምህራችን እጄን ያዘችኝ። "ቆይ" አለች። "ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰውዬ አራተኛው መስመር ላይ አንዷን ተሳስቶ ነበር። እሳቸውም እዚያው ላይ ያችኑ ተሳሳቱ።"

መሪጌታው ተራ ሲጠብቁ የፊተኛውን ሰው ሰምተው፣ ሰሌዳውን በቃላቸው ይዘውት ኖሯል! ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ "ምን ላድርግ፣ የሰማሁት አይወጣልኝ" አሉ። መምህራችን ግን አልሳቀችም። ሰሌዳውን ትታ ጣቷን ከጎን አምጥታ ማየት አለማየታቸውን ጠየቀቻቸው። አላዩም። ቀረብ አደረገችው። አላዩም። "ግላኮማ ነው" አለችን። የዓይን ግፊት እየጨመረ ነርቩን የሚገድል በሽታ። ሕመም የለውም፣ መቅላት የለውም። መጀመሪያ ከጎንና ከሥር ያለውን ይወስዳል፤ ሰውየው በርጩማ ይመታዋል፣ ደፍ ይመታዋል፤ ፊት ለፊቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚወስደው። የሞተው አይመለስም፤ የተረፈውን ማቆየት ነው ሕክምናው።

ቀጥላም፣ መቼም አልረሳውም፣ እንዲህ አለችን፦ "የቤተ ክህነት ሰው ስትመረምሩ የሚያውቀውን አታስነብቡት። ጣት አስቆጥሩት።"

 ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደገፍኩ። ራሳቸው የጻፉትን መጽሐፍ! በየቀኑ ሳያስታጉሉ የሚደግሙትን፣ ገጹ የት እንደሚያልቅ እጃቸው የሚያውቀውን መጽሐፍ ይዤ ነው የአባቴን ዓይን የመረመርኩት። ያን ቀን እኔ ያየሁት ፊደሉን ነው። ዓይናቸውን አላየሁም። ሐኪም ተብዬ!

ስልክ ደወልኩ። ያን ሰሞን በጸጥታው ሁኔታ ምክንያት ወደ ላሊበላ ኔትወርክ አልነበረም፤ መንገዱም ዝግ ነበር። ያች የስልክ ሴትዮ ማግኘት አይችሉም ትላለች። በማግስቱም ደወልኩ። ሳምንት ደወልኩ። ወር ደወልኩ። ላሊበላ አቅራቢያ ካለችው ከጋሸና የመጣ ሰው አለ በተባለ ቁጥር ሮጬ እጠይቃለሁ፤ ማን ያውቃል። እያንዳንዷ ቀን ከአባቴ ዓይን ላይ ስትቆረስ ይታወቀኝ ነበር። የቀዶ ሕክምናውን መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ አልገለጥኩትም።

በየካቲት መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ገባሁ። እሑድ ጠዋት ነበር ቤት የደረስኩት። ቅዳሴው ከታች ይሰማል፤ ገና አልወጣም። አባቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል።

ቄስ በእሑድ ጠዋት፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ ደጃፉ ላይ። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም።

"ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባባ።" 

እናቴ ናት ሁሉንም የነገረችኝ። ዓይናቸው መድከም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ግራው ቀድሞ ጠፋ። ማየት የተሳነው ቄስ መቀደስ አይችልም፤ የተቀደሰውን ነገር ይደፋል ተብሎ ይፈራል። አባቴ ደግሞ ቅዳሴያቸውን ከሚያጡ ነፍሳቸውን ቢያጡ ይመርጣሉ። የአለቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ጨለማ ነው፤ እዚያ ማንም በዓይኑ አይሄድም፣ ሁሉም በእግሩ ልማድ ነው። ደረጃውን በእግራቸው ያውቁታል፣ ጸሎቱን በቃላቸው። ማን ይጠረጥራል? እናቴ ስትደርስባቸው ገዘቷት። በክህነታቸው፣ ልጄ ተመርቃ ሳትጨርስ ለእሷ የነገርሽ እንደሆነ ብለው ገዘቷት። በእኛ አገር የቄስ ግዝት ቀልድ አይደለም፤ እናቴ ብትሞት አታፈርሰውም። "ዓይናቸውን እይልኝ" ማለት ግን መንገር አይደለም። ያችን አንዲት ቀዳዳ አግኝታ ሦስት ቀን ሙሉ በዚያች ስትጮህልኝ ነበር። እኔ ደረቅ አልኳት።

በጥር አንድ ቀን በቅዳሴ መካከል የአባቴ እግር ሳተ። ምንም አልፈሰሰም፣ ምንም አልወደቀም፣ ማንም አላየም። እሳቸው ግን ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ አለቃው ሄደው "ከዛሬ ወዲያ አልቀድስም" አሉ። ቤት ገብተው እናቴን "ከግዝቱ ፈትቼሻለሁ፤ ለልጅቷ ንገሪያት" አሏት። ስልክ የት አለና ትንገረኝ።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ጣቴን ከጎን አመጣሁ፤ አላዩም። ፊት ለፊት አመጣሁ፤ አላዩም። የስልኬን መብራት አበራሁ። በቀኙ "ብርሃን አለ" አሉ። በግራው ምንም።

"ለምን አባባ? ለምን ደበቁኝ?"

"ብነግርሽ ትምህርቱን ጥለሽ ትመጫለሽ። አውቅሽ የለ።"

"እሺ ያን ቀን ስመረምርዎስ? እጄ ገብተው ነበር እኮ!"

 "'ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል' ስትዪ ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር" አሉ። "እኔም ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ ቀን አመንኩሽ። ሐኪም ናት፣ ከእኔ ይልቅ ታውቅ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።"

አለቀስኩ። አባቴ ፊት በልጅነቴ ካልሆነ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት ሰው ሞተ ብሎ መጣ።

ወደ ሆስፒታላችን ይዣቸው ሄድኩ። መምህሬ ራሷ አየቻቸው። ብርሃኗ እንኳ እንዳትጠፋ ብላ ጠብታ አዘዘችላቸው። ልንወጣ ስንል አንዲት ጥያቄ አላስቀምጠኝ አለች፤ "በነሐሴ አምጥቻቸው ቢሆን ኖሮስ?" አልኳት። መምህሬ ካርዱን አጠፈች፣ ዘረጋች። "ቀኙን ምናልባት እናቆየው ነበር" አለች።

አባቴ ሰምተዋል። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ እጄን ፈልገው ያዙና "ምናልባት ነው ያለችሽ" አሉ። "ምናልባትን ተሸክመሽ አትዙሪ።" እሺ አልኳቸው። እስካሁን ተሸክሜው እዞራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ዓመት ልምምድ፣ ኢንተርንነቱም አለፈ፣ ተመረቅሁም። በምረቃዬ ቀን አባቴ መጥተው ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ሌላው ሰው ወደ መድረኩ ሲያይ እሳቸው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ፈተናውን ተፈተንኩ። ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ ጓደኞቼ "ቀዶ ሕክምና እጅሽ ገባ" አሉኝ። ምርጫው የሚሞላበት ቀን ሲደርስ ቤት ነበርኩ። ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ከቤታችን ጀርባ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ሞላሁና ወረድኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ እንደልማዳቸው ተቀምጠዋል።

"ሞላሽ?"

"ሞላሁ።"

"እስቲ በተርታው ንገሪኝ።"

"አንደኛ፣ የዓይን ሕክምና።" ሌላውን አልቀጠልኩም።

አባቴ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "የሰነፍ ነው ያልሽውን? የተረፈውን የሚወስዱትን?" አሉ። እርግማን ወይም ወቀሳ የለበትም፤ እንደሰሙት ነው የመለሱልኝ። የሰሙት አይወጣላቸውም እኮ። ሁለት ዓመት ተኩል ያችን ቃል ይዘዋት ተቀምጠዋል። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ።"

"የምን ይቅርታ ነው። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ግን ሂጂና ሰርዢው። የእኔ አልፏል።"

"ለእርስዎ ብዬ አይደለም።"

"ለማን ነው?"

"ልጃቸው መርምራ ደህና ነዎት ላለቻቸው ሰዎች ሁሉ" አልኩ። 

ራሳቸውን ነቀነቁ።  እናቴ በር ላይ መጥታ ቆመች። ከዚያ አባቴ "ብራናውን አምጪው" አሉኝ። ከቦታው አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"በይ እንደዚያን ቀን መርምሪኝ።"

"ተዉ አባባ።"

"መርምሪኝ አልኩሽ!"

በመዳፌ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፈንኩ። ፊደሉን አላየሁም፤ ፊታቸውን ነው ያየሁት፣ የግራ ዓይናቸውን፣ ወደ እኔ ዞሮ ማንንም የማያየውን። ጀመሩ። ድምፃቸው ያው ነው፤ የተረጋጋ፣ የማይሳሳት። መስመር በመስመር ወረዱ። አውራ ጣታቸው የገጹን ጠርዝ ይዞ ነበር፣ እንደ ድሮው ሊገልጥ። ከዚያ ቆሙ። ጣታቸው ጠርዙን ለቀቀና መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል" አሉኝ። "አንቺ ግለጪልኝ።"

አየሁት፤ እውነትም እዚያ ላይ ያልቃል። ገለጥኩላቸው።